ወሎ ላይ የጣለው በረዶ ነው ወይስ አመዳይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በበልግ ወራት ደላንታ፣ መቄት ወይም ደሴ ዙሪያ መሬቱ ለአንድ ሰዓት እንኳ ነጣ ካለ «ወሎ ላይ ስኖው ጣለ» የሚል ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዛመታል። ደስታው አይከፋም፤ ሙቀት የለመደ አገር ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። በረዶው ስኖው ተብሎ ስሙ ሲሳሳት ግን አያያዙም ይሳሳታል።

በኢሳይያስ መጽሐፍ የምናነበው አመዳይ፣ ማለትም ስኖው፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀሎ ይወርዳል። በረዶ ግን የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ሽቅብ የሚነፍስ አየር እያነሣ እየጣለ ያወፈረው ድፍን ግግር ነው። ተለቅ ያለ ፍሬ አንሥቶ በቢላ መሰንጠቅ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ካሳየ በረዶ ነው። ውርጭ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ሣሩ ላይ የሚረጋ እርጥበት ነው።

ክብደታቸውም አይገናኝም። 10 ሴንቲ ሜትር ትኩስ አመዳይ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ የዚያኑ ያህል የተከመረ በረዶ ወደ 50 ኪሎ ይደርሳል። ከቆርቆሮው ተንሸራቶ አሸንዳ ውስጥ ሲቆለል መውረጃውን ይደፍናል፤ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። ዝናቡ እንዳባራ መሰላል ላይ ሆኖ መጀመሪያ የመውረጃውን አፍ መክፈት ነው እንጂ ቆርቆሮው ላይ መውጣት አይገባም።

መንገድ ላይ የሚያስቸግረው ብዛቱ አይደለም። አትላንታ ከተማ ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. የጣለባት አመዳይ 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ሰዉን በአንድ ጊዜ ስለለቀቀ መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ የረገጠው አመዳይ ወደ ግግርነት ተለወጠ፤ ብዙዎች መኪናቸው ውስጥ አደሩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ ሾፌርም በረዶ ሲጀምር ከቁልቁለቱ በፊት ዳር ይዞ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ እስኪቀልጥ ይጠብቅ። መውረድ ግድ ከሆነ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይዙ ነው፤ ግግር ላይ መኪና ለመቆም ከደረቅ አስፋልት እስከ 10 እጥፍ ርቀት ሊፈጅ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ማሳ ላይ የሚደርሰው ነው። ቅጠሉ ተበጣጥሶ ሲታይ «አለቀ» ተብሎ ማሳው ይገለበጣል፣ ወይም ከብት ይለቀቅበታል። ገብስ አገዳ ከማውጣቱ በፊት ከተመታ ግን ዕድገቱ የሚነሣበት ልብ ገና አፈር ውስጥ ስለሆነ ያገግማል። በዚያው ዕለት ቦይ ከፍቶ የቀለጠውን ውሃ ማጠንፈፍ፣ በተለይ ውሃ በሚቋጥር መረሬ (ጥቁር ሸክላ) መሬት ላይ፤ ከዚያ ከ7 እስከ 10 ቀን መታገሥ። ከማሳው ዳርና መሀል 20 ያህል ቡቃያ ነቅሎ ግንዱን በምላጭ ከላይ ወደ ታች መሰንጠቅ ነው። ልቡ ነጭና ጠጠር ያለ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከላመ ሞቷል። አዲስ ቅጠል ብቅ ማለቱም ምልክት ነው። ዛላ ካወጣ በኋላ የተሰበረ አገዳ ግን አይመለስም፤ ቶሎ አጭዶ ለመኖ ማዋል ይሻላል። ባቄላ ማሳ ውስጥ ቅጠሉ ሳይደርቅ መግባት በሽታ ያዛምታል።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ስለ በረዶ ሲጽፉ ጉዳት የደረሰበትን ሄክታር ብቻ ሳይሆን ሰብሉ በስንተኛ ሳምንቱ እንደተመታም ይጠይቁ። ዘር ይደገም ወይስ ይጠበቅ የሚለው የሚወሰነው በዚያ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ