ለልጄ፣ ስለ አልትራሳውንዱ ውጤት

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ «እማዬ፣ ኦቫሪሽ ላይ እጢ አለ አሉኝ» ብለሽ ማልቀስ ስትጀምሪ የመለስሁልሽን እንዳልሰማሽው ገብቶኛል፤ ስለዚህ ጻፍሁልሽ። ያነበብሽልኝ ወረቀት የሚለው በኦቫሪሽ፣ ማለትም በእንቁላል ማፍሪያሽ ላይ ያለው 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ውኃ ብቻ የሆነ ከረጢት ነው። በእርግዝና 9ኛው ሳምንት እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚቀረው፣ የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ጽንሱን የሚያጸናውን ሆርሞን የሚያመነጨው ክፍል ውኃ ቋጥሮ ነው፤ ብዙው እስከ 16ኛው ሳምንት በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ ቢቀርና በአልትራሳውንድ ምንነቱ ባይለይ ኤምአርአይ የሚባለውን በመግነጢስ የሚነሣ ምርመራ ያዙልሻል፤ እርሱም ጨረር የለውም። ጎረቤትሽ ያለችሽን የካንሰር የደም ምርመራ ግን ተዪው፤ ሲኤ 125 የሚሉት በእርግዝና መጀመሪያ ጤነኛዋም ላይ ከፍ ስለሚል በከንቱ ያስደነግጥሻል።

እኔ የምፈራው እጢ ያለበት ኦቫሪሽ መጠምዘዙን ነው። በአንድ ጎንሽ ድንገት ከወጋሽና ካስመለሰሽ እንዲነጋ አትጠብቂ።

አክስትሽ ያንን እርግዝናዋን ለምን እንደማታነሣ ታውቂያለሽ፤ የእኔን ድርሻ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ገና የተመረቅሁ ነርስ ነበርሁ። ቀኝ ጎኗን ይዛ ስታስመልስ የነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ ነው ብዬ የዝንጅብል ሻይ አፈላሁላት፣ ወገቧን በቅቤ አሸሁላት፣ ሲነጋ እንሄዳለን አልኋት። ሲነጋ ኦቫሪዋ ተጠምዝዞ፣ ደሙ ተቋርጦ ጠቁሮ ስለነበር አውጥተው ጣሉት፤ ጽንሱም በሳምንቱ ወረደ። እጢው እኮ ካንሰር አልነበረም፤ ፀጉርና ስብ የያዘ ደርሞይድ ነበር። ግማሹን ጠጥታ አልጋው ሥር ያስቀመጠችው ብርጭቆ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም።

ቱሉ ዲምቱ ከመሸ መኪና እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ባለ ሚኒባሱን ጎረቤታችሁን ዛሬውኑ አነጋግሩት፣ ስልኩንም ባልሽ ይያዝ። ወረቀቶችሽን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገሽ በሩ ላይ ስቀይ። በ14ኛው ሳምንት አልትራሳውንዱን ድገሚ፤ መጠኑ እንዲነጻጸር የአሁኑን ይዘሽ ሂጂ። ቀዶ ጥገና የግድ ቢሆን እንኳ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይመረጣሉና አሁን ስለ እርሱ እንቅልፍ አትጪ።

«በሌሊት ሰው አላስቸግርም» የምትዪውን ጠባይሽን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ የወረስሽው ነው። ከወጋሽ አስቸግሪ፤ እንዳትጠብቂ፣ ልጄ።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ሽሮ ይዤልሻለሁ፤ አንቺ ምንም እንዳትሸከሚ።

እናትሽ፣ ከሰንዳፋ