«መድኃኒቱን ለምዶታል»፦ ለጎጃም ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አክስቴ ጡቷ ላይ እባጩን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። «ባቄላ ታህላለች» አለችኝ፣ አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ገጥማ እያሳየችኝ። ቤቷ ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። መጀመሪያ ጠበል ገባች። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ በመጨረሻ የአባይን በረሃ ተሻግራ አዲስ አበባ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ባቄላዋ እንቁላል አከለች።

ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒትም ጀመረች። በሦስተኛው ዙር ፊቷ ወዝ አገኘ። ጠጉሯ ረግፏል፤ እሷ ግን ሻሿን አሳምራ አስራ «የፋሲካን ዶሮ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ትለን ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ በሽታው ተመለሰ። ያንኑ መድኃኒት ደገሙላት፤ አልሠራም። ሐኪሙን «ያኔ ሠርቶ የለ እንዴ?» አልኩት። «ሴሉ መድኃኒቱን ለምዶታል» አለኝ።

እሷን ከቀበርን በኋላም ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። እንዴት ነው የሚለምደው? ምን አድርጎ? ማንበብ ጀመርኩ፤ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። ከመልሱ አንዱ ቁራጭ ያለው ስብ ውስጥ ነው። ይህን ጥሪ የምጽፍላችሁም ያ ስብ እንዲለካ የካንሰር ናሙና ማቆያ ማቀዝቀዣ እንድንገዛ ነው።

ስብ ስል ጮማውን አይደለም። እናቱ ወተት ስትንጥ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ወተት ውስጥ ቅባቱ በየጠብታው ተበትኖ ነው ያለው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ልባስ አላት። ቅሉ ሲናጥ ልባሱ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ተያይዞ ቅቤ ይሆናል። ከልባሱ ብዙው አሬራው ውስጥ ይቀራል። እዚያ ልባስ ውስጥ ስፊንጎሊፒድ የሚባል የስብ ዓይነት አለ። የእኛም የሴሎቻችን ልባስ ይህ ስብ አለበት። አሬራ ካንሰር ያድናል ማለቴ እንዳልሆነ ግን አደራ። እንዲህ ብሎ የሚመክራችሁ ካለ አትስሙት።

የስሙን መነሻ ያወጣው በለንደን ይሠራ የነበረው የጀርመን ተወላጅ ሐኪም ዮሐን ቱዲኩም ነው። አንጎልን ሲመረምር ምንነቱ ግራ ያጋባው ነገር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው መጽሐፍ ላይም በግሪክ ተረት እንቆቅልሽ ጠያቂ በሆነችው በስፊንክስ ስም ጠራው። እኛ ማታ ምድጃ ዳር «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ» ስንባባል መልሱ ከጠፋን አገር ሰጥተን እንገላገላለን። ይህ እንቆቅልሽ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ሊና ኦቤይድና ባለቤቷ ዩሱፍ ሐኑን፣ ሁለቱም ቤይሩት ሕክምና የተማሩ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ። ከዚህ የስብ ቤተሰብ አንዱ የሆነው ሴራሚድ የካንሰር ሴል ላይ ሲጨመርበት ሴሉ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

ሴራሚድ ሴሉን «በቃህ፣ ሙት» ይለዋል። ሴሉ ደግሞ ሴራሚዱን ደረጃ በደረጃ ለውጦ ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት የሚባል ሌላ ስብ ሊያደርገው ይችላል። ይኸኛው «ኑር፣ ተባዛ» ይላል። ጤነኛ ሴል ውስጥ ሁለቱ ይመዛዘናሉ፤ በብዙ ካንሰሮች ላይ ሚዛኑ ወደ «ኑር» ያጋድላል። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ሴሉን ከሚገድሉባቸው መንገዶች አንዱ ሴራሚዱን ማብዛት ነው። መድኃኒት የለመደ ሴል ታዲያ ምን ያደርጋል? አንዱ ዘዴው ሴራሚዱ ላይ ስኳር መለጠፍ ነው። ስኳር የተለጠፈበት ሴራሚድ ያንን የመግደል ኃይሉን ያጣል። ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአክስቴን ሴል ማንም አልለካውም።

በዚህ የስብ መንገድ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ፋርማሲ ደርሷል። ፊንጎሊሞድ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ጸድቋል። የጸደቀው ግን መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ ነው። ለካንሰር ደግሞ ኦፓጋኒብን የመሰሉ በሰው ላይ ተሞክረዋል፤ ሙከራ ላይ ናቸው እንጂ የካንሰር ሕክምና ሆነው አልጸደቁም። ስለዚህ እቅጩን ልንገራችሁ። የምትሰጡን ብር ዛሬ አልጋ ላይ ያለች እህታችንን አያድናትም። ያድናል ብዬ ብር ብሰበስብ እግዜርም አይወደውም።

ታዲያ ለምን እንለምናለን? ከጡት የወጣ እባጭ ለምርመራ ሲላክ ፎርማሊን የሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ በአልኮልና ዛይሊን በሚባል ኬሚካል አልፎ በሰም ይያዛል። ለምርመራው ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ስቡን ግን አልኮሉና ዛይሊኑ አጥበው ይወስዱታል። እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይም አይሆንም፤ ሴሉ ውስጥ ስቡን የሚለውጡት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ስለማያቆሙ ሴራሚዱ ይለዋወጣል። በሴሉ ውስጥ የነበረውን እንዳለ ለመለካት ቁራጩ ከቀዶ ጥገና ክፍል እንደወጣ ወዲያው በረዶ መሆን አለበት። ከዚያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል።

የጎደለን ይህን የሚያደርግ ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ናሙና የለም። ናሙና ከሌለ የጎጃም ሴት በጥናቱ ውስጥ የለችም።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ላቦራቶሪ ክፍል ሊሰጠን ተስማምቷል። የምንገዛው አንድ ማቀዝቀዣ ከነስታብላይዘሩ፣ አንድ ጄነሬተርና ናሙና ማመላለሻ የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃ ነው። ጄነሬተሩን ቅንጦት እንዳትሉት። መብራት ሲሄድ እንዴት እንደሚሄድ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሌሊት ጠፍቶ ቢያድር የዓመት ልፋት ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ ሌላ በዚሁ ርዕስ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ሁለት የአካባቢያችን ልጆች አሉ፤ የኬሚካል ወጪያቸውን እንሸፍናለን። መለኪያውን ማሽን፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩን፣ እኛ አንገዛም። ናሙናው ማሽኑ ወዳለበት በውል ይላካል፤ ግማሹ ግን እዚሁ ይቀራል። በዚህ ላይ አንደራደርም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝም አንድ ናሙና አይነሳም። ለጥናቱ ተብሎ የሚቆረጥ ተጨማሪ ገላ የለም፤ የምንወስደው ለሕክምናው ከሚወጣው ላይ ነው፤ እሱም ታማሚዋ ተነግሯት ስትፈቅድ ብቻ። ማንበብ ለማትችል ምስክር ባለበት በቃል ይነበብላታል።

ባለፈው እድር ላይ ነገሩን ሳነሳ አንድ አባት ቆመው «ሰው ለትራንስፖርት እየለመነ እናንተ ፍሪጅ ትገዛላችሁ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። መንገድ ሲዘጋ ኬሞዋ ያለፈባትን ሴት እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ የታማሚዎች የመጓጓዣ መዋጮ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሒሳቡም ለየብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ አንዲት ብር ወደዚህ አትዞርም። ይህኛው ለልጆቻችን የምናዋጣው ነው። ነገ ሚዛኑን የሚመልስ መድኃኒት ሲሠራ የእኛ ሰው ስብ ሳይለካ የተሠራ እንዳይሆን ነው። እኚያ አባት ከስብሰባው በኋላ ጠርተውኝ 200 ብር በእጄ አስጨበጡኝ።

በነገራችን ላይ እባጭ ያገኘሽ እህቴ፣ የእኛን ማቀዝቀዣ አትጠብቂ። ቢያምሽም ባያምሽም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጠበልሽንም አትተዪ፤ ሁለቱን አብረሽ ያዢ።

አሁን ወደ መዋጮው። በቤተሰብ 1,000 ብር ብለን ነው የተነሳነው፤ ያልቻለ የቻለውን ይስጥ። ገበሬው ብር ከሌለው አንድ ቁና ጤፍ ይበቃናል። አውድማው ሲነሳ ጥር ላይ በየገበያው ተገኝተን እንቀበላለን፤ በዕለቱ ዋጋ ተሽጦ በፊታችሁ ይመዘገባል። ውጭ አገር ያላችሁ የማቀዝቀዣውን ፕሮፎርማ ከኮሚቴው ጠይቁና ዋጋውን እዚያው አወዳድሩልን፤ ይህ ብቻውን ትልቅ እገዛ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ሰው አንድ ቅዳሜ ቢሰጠን መስመሩን ይዘረጋልናል። አይሱዙ ያለው ሰው ዕቃውን ከአዲስ አበባ ቢያመጣልን የጭነቱ ወጪ ይቀርልናል። ብር የሚወጣው በሦስት ፈራሚ ነው፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማኅተም የሌለው ደረሰኝ ከማንም አትቀበሉ።

የመጀመሪያውን 5,000 ብር የሰጠችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ለእናቷ ሙት ዓመት ካሰበችው ላይ ቀንሳ። ደረሰኝ ቁጥር 001 በእሷ ስም ተቆርጧል። ከ002 ጀምሮ ያለው ጥራዝ በእጃችን ነው።