ቤዙን የተጫወተውስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

እንግሊዛዊው የሮክ ድምፃዊ ጆን አንደርሰን ከብዙ ሙዚቀኞች ጋር ስለሠራው «1000 እጆች» አልበም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በአማርኛ ጋዜጣ ስለ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ቅንብር ስላለው የሮክ ዓይነት) የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ደስ ይላል። ቅር ያለኝ፣ ጸሐፊው ስለ ሽማግሌው አንደርሰን ድምፅ ያን ያህል አትተው ቤዝ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ ሳይነግሩን ማለፋቸው ነው። እንግዶቹንም «ለገበያ የተሰበሰቡ ስሞች» ብለዋቸዋል።

በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ቤዙ የክሪስ ስኳየር ነው። አንደርሰንና ስኳየር በ1968 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ውስጥ «የስ» የተባለውን ባንድ ያቋቋሙ ሰዎች ናቸው። የዚህ አልበም ሥራ የተጀመረው ደግሞ በ1990 አካባቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበር። ጊዜውን ልብ ይሏል። በ1989 አካባቢ ባንዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንደርሰን ከቀድሞዎቹ የባንዱ አባላት ከብሩፎርድ፣ ከዌክማንና ከሃው ጋር በአራቱ ስም የሚጠራ ቡድን መሥርቶ ነበር። «የስ» የሚለው ስም በእነ ስኳየር እጅ ስለቀረ ነገሩ ጠበቃ ዘንድ ደርሷል። በዚያ ሰሞን ነው እንግዲህ ስኳየርና የባንዱ ድራም መቺ አለን ዋይት ለአንደርሰን ዘፈኖች የተጫወቱት። ለገበያ የመጣ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ አይመጣም።

ቅጂው ሳያልቅ ሦስት አሥርት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ማይክል ፍራንክሊን ፍሎሪዳ ውስጥ ሥራውን አስጨረሰውና አልበሙ በ2019 ወጣ። ስኳየር ግን በሰኔ 2015 ሞቷል። ቺክ ኮሪያ በፒያኖ፣ ዣን ሉክ ፖንቲ በቫዮሊን፣ ኢያን አንደርሰን (ስማቸው ቢገጥምም ከጆን ጋር ዘመድ አይደሉም) በፍሉት የገቡበት አልበም ውስጥ የሟቹ ቤዝ አብሮ አለ።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። እንግዳው በዝቷል፤ አንዳንዱም ገባ ሲሉት ወጥቷል። ስኳየር ሲመጣ ግን ይታወቃል። ሪከንባከር የተባለውን ቤዝ ጊታሩን በጣቱ ሳይሆን በመምቻ (ፒክ) ነው የሚመታው፤ ስለዚህ ድምፁ ጠርዝ አለው፣ ከድራሙ ሥር አይደበቅም፣ ከዜማው ጋር ይፎካከራል። በስልክ ስፒከር ከሰሙት ግማሹ ይቀርብዎታል፤ ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ።

ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻም አይደለም። ዛሬ ሙዚቃ የምንሰማበት መተግበሪያ መጀመሪያ የሚያሳየን የድምፃዊውን ስም ነው። ድሮ የካሴት ልባስ ገልብጠን ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ እያልን እናነብ ነበር። እውነት ለመናገር እዚያም ቢሆን ተጫዋቾቹ ብዙ ጊዜ በባንዱ ስም ተጠቃለው ነው የሚያልፉት።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ስለ የትኛውም አልበም፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ ስትጽፉ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ማን እንዳቀናበረና የት እንደተቀረፀ ከጽሑፉ ግርጌ በሁለት ሦስት መስመር አስፍሩልን። «በ2019 የተቀረፀ» ያላችሁትንም አርሙልን፤ 2019 አልበሙ የወጣበት ዓመት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ