ላስቲኩን አውልቅላት

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እህትህም ሕፃኑም ደህና ናቸው። አዳማ እንደ አዲስ አበባ አይበርድም፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ትናንት እህትህ የላክህላትን ፎቶ አሳየችኝ። ቮልሷን በሰማያዊ ላስቲክ ጠቅልለህ፣ በገመድ ጠፍረህ አቁመሃታል። ከሥሩ ደግሞ «ለእማዬ ንገሪያት፣ ዘንድሮ ዝናብ አይነካትም» ብለህ ጽፈሃል። ተጨንቀህ ያደረግከው ነውና ተባረክ። ግን ይህን እንዳነበብክ ደረጃውን ውረድና ላስቲኩን አውልቅላት። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ አንተ በስልክ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ነው የምትዘጋው። እህትህ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ዝናብ ከላይ ወርዶ ከፈሰሰ ብዙም አይጎዳትም። የሚጎዳት ታፍኖ የሚቀረው እርጥበት ነው። የሐምሌን ነገር ታውቀዋለህ፤ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ይላል፣ ከሰዓት ያወርደዋል። ፀሐዩ ላስቲኩን ሲያሞቀው ከሥር ያለው እርጥበት ይተናል። መውጫ ሲያጣ እንደ ድስት ክዳን ያልበውና ተመልሶ ላሜራው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ዝገት ነው። ነፋስ ሲያራግበው ደግሞ ላስቲኩ ሥር የገባው አቧራ ቀለሟን ይፍቀዋል።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቮልሷን የገዛት በ1966 ዓ.ም. የካቲት ነው። የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙበት ሰሞን። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ በርካሽ ሸጠለት። ሰው ከመኪና በሚሸሽበት ጊዜ መኪና ገዛ ብለው ሳቁበት። ይህን መቶ ጊዜ ሰምተኸዋል። የሚቀጥለውን ግን አልነገርንህም።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት መሥሪያ ቤቱ አሰብ ላከው። ክረምቱን እዚያው ከረመ። አጎትህ ደግ አይደል? «ወንድሜ ሲመጣ አዲስ ሆና ያግኛት» ብሎ ከላይ እስከ ታች ላስቲክ አለበሳት። ልክ እንዳንተ፣ በገመድ ሳይቀር። ለመስቀል አባትህ መጣ። ላስቲኩ ሲገለጥ ከውጭ ታበራለች። በሩ ሲከፈት ግን ሽታው አስነጠሰን። መቀመጫው ሻግቷል። መካኒኩ የኋላ መቀመጫውን አነሳና ባትሪው ሥር ያለውን ወለል በካቻቪቴ ነካ አደረገው። ካቻቪቴው በስቶት መሬት ነካ። አባትህ ሳቀ። ሲጨንቀው እንደሚስቅ ታውቃለህ።

ወለሉን በአዲስ ላሜራ ለማስቀየር ሸክላ ማጫወቻችንን ሸጥነው። የሰርጋችን ስጦታ ነበር። ሳጥን ውስጥ ያሉት ሸክላዎች ማጫወቻቸው የት ሄደ እያልክ ስትጠይቀኝ ኖረሃል፤ ይኸው። አባትህ ፊቴን አይቶ «በካሳው መኪና መንዳት አስተምርሻለሁ» አለኝ። እሑድ እሑድ ጃንሜዳ ይወስደኝ ጀመር። ፍሪሲዮን መርገጥ ቻልኩ። ማርሽ ማስገባት ቻልኩ። በሁለተኛ ማርሽ ሜዳውን ስዞር መስኮቱን ከፍቼ፣ ነጠላዬ እየተውለበለበ፣ የሚያየኝ ሰው ባይኖርም እኮራ ነበር። ከዚያ እህትህን አረገዝኩ። «ስትወልጂ እንቀጥላለን» ተባለ። ከዚያ አንተ መጣህ። ከዚያ የአባትህ ዓይን ደከመ። ሦስተኛ ማርሽ ሳላስገባ አረጀሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ላስቲኩ ነበር የማወራው። አውልቀው።

ከላይ ዝናብ የማያስገባ፣ ከውስጥ እርጥበት የሚያስወጣ የመኪና ልብስ አለ። ሶማሌ ተራ ቅርብህ ነው፣ ሄደህ ጠይቅ። እስክታገኝ ራቁቷን ትቁም፣ ምንም አትሆንም። ደረቅ ቀን ጠብቀህ እጠባትና ዋክስ ቀባት። ልብሱንም እርጥብ ሆና አታልብሳት። ደግሞ ምን ብለህ ነው አሸንዳው ሥር ያቆምካት? የብሎኩ ጣራ ውኃ በሙሉ እሷ ላይ ነው የሚወርደው። ወደ ኮብልስቶኑ አውጣት፣ ሣሩ ላይ አትቁም። በሮቿ ሥር የውኃ መውጫ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በቀጭን ሽቦ ጥረግላት። ቆማ ስትሰነብት የእጅ ፍሬኑን ልቀቅና ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ፤ አለዚያ ፍሬኑ ይጣበቃል።

ባትሪውን ንቀለው፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን። ቻርጅ ስታደርገው ተጠንቀቅ። የኛ በፈረንጆቹ የ1964 ሞዴል ናት፣ ባትሪዋ 6 ቮልት ነው፤ የጎረቤቶቹን የ12 ቮልት ቻርጀር እንዳትሰካበት። መልሰህ ስታስገባው ክዳኑን አትርሳ። የመቀመጫው ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላል።

አንቱፍሪዝ ልትጨምርባት እንደነበርም እህትህ ነገረችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የት ልታደርገው? ቮልስ እኮ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታየው የፈረንጅ ክረምት ነው። የነሱ ጭንቀት ውርጩና መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ነው። አንተ ልደታ ነው ያለኸው።

በየሁለት ሳምንቱ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በሜክሲኮ አድርገህ ሳር ቤት ድረስ ንዳትና ተመለስ። ሞተሯ በደንብ ይሙቅ። ባለችበት አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ማርሚታው ውስጥ ውኃ ማጠራቀም ነው። ጎርፍ ካየህ አትግባ። ስትመለስ ደግሞ ላስቲክ የሚባል ነገር እንዳላይ።

ሌላም ሰምቻለሁ። ደላላ ይዘህ መጥተህ አሳይተሃታል አሉ። እውነት ነው? የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደላላ የማያማትረው መኪና እንደሌለ አውቃለሁ። ያንተው ደላላ ግን ሞተሯን ፍለጋ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሻንጣ ማስቀመጫ አገኘ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ዋጋ የሚነግርህ? ገንዘብ ቸግሮህ ከሆነ ለኔ ንገረኝ የኔ ጌታ፣ አልቆጣህም። የነሐሴ እቁብ የኔ ነው። ሥራ ፍለጋው ከከበደህም ንገረኝ። እስክመጣ ግን ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥ።

የሕፃኑ ክርስትና እንዳለፈ እመጣለሁ። ማታ ማታ ትኩስ ነገር ብላ፤ ያ ሳልህ ፎቶውን ስትልክ ባስቀዳኸው ድምፅ ውስጥ ተሰምቶኛል።

ላስቲኩን ደግሞ እንዳትጥለው። በረንዳ ላይ ያለውን ከሰል አልብስበት።

እናትህ