ከቦስኒያ መልስ ለወዳጄ የተጻፈ

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ የጠፋሁበትን ምክንያት ልዘርዝር ብል ደብዳቤው በሰበብ ብቻ ያልቃልና ስንገናኝ እነግርሃለሁ። አሁን የምጽፍልህ በቅርቡ ቦስኒያና ሄርዞጎቪናን ጎብኝቼ ስለ ተመለስኩ፣ እዚያም ሳለሁ ስለ ጦርነትና ስለ ዕርቅ ያደረግነው ክርክር በየደረስኩበት ትዝ ስላለኝ ነው።

ሳራየቮ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች ከተማ ናት። ባሽቻርሺያ ከሚባለው የኦቶማን ዘመን ገበያ ሳትርቅ በ16ኛው መቶ ዘመን የታነጸውን የጋዚ ሁስሬቭ ቤግ መስጊድ፣ ጥንታዊውን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ምኩራብና የካቶሊኮችን ካቴድራል በእግርህ ታዳርሳለህ። ከመስጊዱ አጠገብ ያለው የሰዓት ማማ ደግሞ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልክ 12 ይላል፣ የመጥለቂያዋም ጊዜ ከወቅቱ ጋር ስለሚለዋወጥ በሰው እጅ ይስተካከላል። አብረውኝ የቆሙት ቱሪስቶች ተበላሽቷል ሲባባሉ እኔ ያለ አስተርጓሚ አነበብኩት።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1992 እስከ ፌብሩዋሪ 1996 ድረስ በቦስኒያ ሰርቦች ጦር ተከብባ፣ ከተራሮቹ በሚወርድ መድፍና በአልሞ ተኳሾች ጥይት ስትደበደብ ኖራለች። ምግብና መድኃኒት ይገባባቸው ከነበሩት መንገዶች አንዱ በ1993 ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር የተቆፈረ፣ 800 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ነበር፤ ለጎብኚ በተተወችው አጭር ክፍል እንኳ ሳላጎነብስ ማለፍ አልቻልኩም። በገበያው የመዳብ አንጥረኞች መንገድ ላይ ዛሬ የጥይት ቀለህ እስክሪብቶ ሆኖ ይሸጣል። መጀመሪያ ዘገነነኝ፤ በኋላ ግን እንጀራቸው መሆኑን ሳስበው ለመፍረድ አልደፈርኩም።

የሞስታርን ከተማ በተለይ ለአንተ ስል አየሁት፤ የድንጋይ ሥራ አይተህ እንደማታልፍ አውቃለሁና። ኦቶማናዊው መሐንዲስ ሚማር ሐይሩዲን የሠራውና በ1566 የተጠናቀቀው አሮጌው ድልድይ የኔሬትቫን ወንዝ በአንድ ቅስት ብቻ ይሻገራል። ድንጋዩ ቴኔሊያ የሚሉት የአካባቢው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ጥርቦቹን እርስ በርስ ያያያዙት የብረት ማሰሪያዎች የተተከሉት ቀዳዳው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ እየተጨመረ ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 1993 የቦስኒያ ክሮአቶች ጦር በመድፍ መትቶ ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ በዚያው በጥንቱ ዘዴ ዳግመኛ ተሠርቶ በ2004 ተመረቀ። ዛሬ ጎረምሶች ከአናቱ እየዘለሉ ወንዙ ውስጥ ይወረወራሉ። አንዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እጆቹን ዘርግቶ እዘላለሁ እዘላለሁ ሲል ጓደኛው ከቱሪስቱ ገንዘብ ይሰበስባል፤ የሚፈልጉት ሳይሞላ ልጁ ንቅንቅ አይልም።

ድልድዩ ተጠግኗል፤ የሰዉ ነገር ግን እንዲህ አልቀለለም። ጦርነቱን ያስቆመው የ1995ቱ የዴይተን ስምምነት አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ከላይ አንድ ቦስኒያክ (የቦስኒያ ሙስሊሞች የሚጠሩበት ስም ነው)፣ አንድ ክሮአትና አንድ ሰርብ በጋራ የሚይዙት የፕሬዚዳንትነት ወንበር አስቀመጠ። ከሦስቱ ያልሆነ ዜጋ «ሌሎች» ተብሎ ይመዘገባል፤ ለዚያም ወንበር መወዳደር አይችልም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አንድ የሮማ (ጂፕሲ) ተወላጅና አንድ አይሁዳዊ ዜጎች ባቀረቡት አቤቱታ ይህ አድልዎ መሆኑን በ2009 ቢፈርድም ሕገ መንግሥቱ ለዓመታት ሳይሻሻል ቆይቷል። በአንዳንድ ከተሞችም የቦስኒያክና የክሮአት ልጆች አንድ ሕንፃ ውስጥ በተለያየ በር ወይም ፈረቃ ገብተው የተለያየ ታሪክ ይማራሉ።

ሳራየቮ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አባታቸው ሰርብ፣ እናታቸው ሙስሊም የነበሩ አሮጊት ናቸው። ቡናቸውን በመዳብ ማፍያ አፍልተው እያቀረቡልኝ፣ በከበባው ጊዜ ከተማውን ጥለው እንዳልወጡ፣ ዛሬ ግን ቅጽ በሞሉ ቁጥር «ሌሎች» የሚለው ላይ ምልክት ለማድረግ እንደሚገደዱ አጫወቱኝ።

አንተ «መጀመሪያ ተኩሱ ይቁም፣ የቀረው በኋላ ይታሰብበታል» ትል ነበር። ተኩሱስ ቆሟል፤ በዚህ አልከራከርህም። ለማቆም ሲባል የተጻፈው ቃል ግን ይኸው እስከ ዛሬ እሳቸውን ከአገራቸው ወንበር አግዷቸዋል። ስለዚህ ምን ትላለህ? መልስህን ሳትዘገይ ጻፍልኝ። ለእናትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የድልድዩን ፎቶግራፎች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

አክባሪህ ወዳጅህ