የቡና አተላ ማገዶ ይሆናል፤ ውሃውን ማን ያደርቅልን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቡና አተላ ማገዶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ፒያሳ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ «ላቀች» ለሚባለው የከሰል ምድጃ ቆርቆሮ እየቆረጥኩ ነው የምኖረው፤ ነገሩ ይመለከተኛል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። «ጠፍጥፎ አድርቆ ማንደድ ነው» መባሉ ግን ሰው ያሳስታል።

እንደ ኩበት የተጠፈጠፈ አተላ መንደዱን ይነዳል። ቡና ሲፈላ ዘይቱ ብዙም ስለማይወጣ አተላው ውስጥ ይቀራል። ግን ያጨሳል፤ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይሻግታል። አተላውን ልቆላው ስል ቡና የሚያፈሉልኝ እናት «አንተ ልጅ፣ አንዴ የተቆላውን ደግሞ ምኑን ትቆላዋለህ?» ብለውኛል። እውነት ይመስላል። ቡናው ምጣድ ላይ የሚቆላው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያም ተወቅጦ እስከ በረካ ተቀቅሏል። አተላው ደህና ማገዶ የሚሆነው ደርቆ፣ አየር በማይገባው በርሜል ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲቆይ ነው። የሚያጨሰው ነገር አብዛኛው እዚያው ይወጣለታል፤ ውሃም እንደ በፊቱ አይጠጣም። በኪሎ 20 ሜጋ ጁል ገደማ የነበረው ሙቀቱ ወደ 25 ይጠጋል። አየር ከገባበት አመድ ሆነ። ድፍን አድርጎ ማሸግም አደጋ ነው፤ ጋዙ መውጫ ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦው በርሜሉን ወደሚያሞቀው እሳት ቢመለስ ጋዙም እዚያው ይቃጠላል። ይህ ሁሉ ታዲያ ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ዋናው ጣጣ ውሃው ነው። ከጀበና የተደፋ አተላ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው። እሱን በከሰል ማድረቅ ከሰልን በከሰል መግዛት ነው። ደሴ ደግሞ ጉሙ ከወረደ ልብስም አይደርቅ። ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ብናሰጣው ይሻላል፤ እዚያ ፀሐይ አለ።

ባለ ጀበናዋ ብቻዋን ትሥራው ማለትም ቀልድ ነው። የቀን አተላዋ ደርቆ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው፤ በዚያ ቡና ስታፈላ አትውልም። ብዛቱ ያለው ካፌዎችና ሆቴሎች ጋ ነው፤ የማሽኑ አተላ ተጨምቆ ስለሚወጣ ውሃውም ያነሰ ነው። አሁን ከሽንኩርት ልጣጭና ከሶፍት ጋር ተደባልቆ ይጣላል። ማዘጋጃ ቤቱ ለየብቻ እንዲያስቀምጡት ቢያደርግና አንድ የወጣቶች ማኅበር በየቀኑ ቢሰበስበው፣ መቁያውን እኔ በነፃ እሠራለሁ። ባዶ በርሜሉን ግን እነሱ ያቅርቡ፤ ስንት እንደገባ ገበያ የወጣ ያውቀዋል።

ምድጃ ሠሪው፣ ከደሴ