ትንንሽ መሮ ስለጠፋበት የመርከብ ሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በኮተቤ ዳርቻ በምትገኘው ጠባብ ክፍሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ ሰጥማ በ1961 ከባሕር የወጣችውን የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳን አንድ ለመቶ አሳንሼ ከእንጨት በመሥራት ላይ እገኛለሁ። ባሕር በሌለው አገር መርከብ መሥራቴ ጎረቤቶቼን ማሳቁ አልቀረም። 69 ሜትር የነበረችው መርከብ እኔ ዘንድ 69 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነች፣ ስሱን የዋንዛ ጣውላ ማሽን ሲነክሰው ስለሚሰነጠቅ፣ በትንሽ መላጊያ ቀስ እያልኩ ከላግሁት በኋላ በውኃ ዘፍዝፌ በጋለ ቧንቧ ላይ አጎብጠዋለሁ፤ ኮላው እስኪይዝም በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ለቅርጻ ቅርጹ የሚሆን ጠባብ መሮ ግን ከገበያ ስላጣሁ ከአሮጌ ሞረድ እየሳልኩ እጠቀማለሁ። ብረት ቀጥቃጮቻችን ይህን ቢሠሩ ገዢ አያጡም፤ ጋዜጣችሁም ጉዳዩን ቢያነሳው መልካም ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ